ጠብታው ጠብ እንዳይሆን

በቢዮ አዋሌ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

  



ባለፈው ስብሰባችን «ቀጥሎ ስለ ምን እንነጋገር?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ እጅ የወጣው ለብድር ወይም ለዶሮ እርባታ አልነበረም። «ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቧንቧ» የሚለው ነው ያሸነፈው። ለጊዜው ጉዳዩ ትንሽ ይመስል ነበር። በየቤቱ የሆነውን ስንሰበስብ ግን ጎረቤት ያኳረፈ፣ ልጅን ከተከራየችበት ቤት ያስወጣ፣ የአንዲት እናትን የወር ገቢ የበላ ነገር ሆኖ አገኘነው። ከቧንቧ የሚወርደውንም «ጠብ» እንለዋለን፣ በሰው መካከል የሚነሳውንም «ጠብ» እንለዋለን። አነባበቡ ይለያያል እንጂ አጻጻፉ አንድ ነው። እኛ እንዳየነው ደግሞ አንዱ ሌላውን ይወልዳል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አከራይም ተከራይም ተቀምጠናል። አንዳንዶቻችን ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ክፍል እናከራያለን። ሌሎቻችን ራሳችን ተከራይ ነን። ብዙዎቻችን ደግሞ ድሬዳዋ ከተማ ተከራይተው የሚማሩና የሚሠሩ ልጆች አሉን። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ለአንዱ ወገን ወግኖ ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። ሁለታችንም የምንኖርበትን ቤትና ሁለታችንም የምንጠጣውን ውሃ እንዴት እንደምንጠብቅ ለመነጋገር ነው።

ውሃ ለእኛ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። በሶማሊኛ «ቢዮ» ማለት ውሃ ነው፤ በኦሮምኛ «ቢዮ» አፈር ነው። የሰፈራችንን ስም በየትኛው ቋንቋ ብንሰማው ከውሃና ከአፈር አንወጣም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ እንደሚመዝን ያስተማረን ሚዛን ሳይሆን ጀርባችን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የሚባክነውን ውሃ በጀሪካን እየቆጠርን የምንነጋገረው።

ሁለት ቤት፣ አንድ ችግር

ከሰበሰብናቸው ታሪኮች ሁለቱን ብቻ እንንገራችሁ።

የአንዷ አባላችን ልጅ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። «ብናገር ኪራይ ይጨምሩብኛል፣ ወይም ልቀቂ ይሉኛል» ብላ ሦስት ወር ዝም አለች። ሥሩ ባልዲ እየደቀነች ኖረች። በመጨረሻ ግድግዳው ረጥቦ ልስኑ ሲረግፍ ነገሩ ታወቀ። ያን ጊዜ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ተባለች፤ ቤቱንም ለቀቀች።

ሁለተኛዋ እህታችን ባሏ ከሞተ በኋላ ሦስት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ ናት። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው። ኪራዩ ውሃን ጨምሮ ነው። ተከራዮቹ ለውሃ ለብቻው ስለማይከፍሉ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ብዙም አላሳሰባቸውም። አንድ ወር የመጣው የውሃ ሂሳብ የአንዱን ክፍል ኪራይ እንዳለ ወሰደው። እሷም ተናዳ ማታ ማታ ዋናውን መዝጊያ መዝጋት ጀመረች። የጠቡ መነሻ ይህ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታያል። በመጀመሪያው ቤት ችግሩን የምታየው ልጅ የመጠገን ሥልጣን የላትም። በሁለተኛው ቤት ውሃውን የሚጠቀሙት ሰዎች ሂሳቡ አይነካቸውም። ቧንቧው የአንዱ ነው፣ ጉዳቱ የሌላው ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ቧንቧው ማንንም ሳይጠይቅ ይፈሳል። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለ ወንዝ ቢሆንም ለቧንቧም ይሠራል።

ሕጉ ምን ይላል?

«ይህ የማን ግዴታ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሀገራችን መልስ ያላት ከድሮ ጀምሮ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ የሚደነግግ ክፍል አለው። ሐሳቡን በቀላል አነጋገር እንዲህ ልናስቀምጠው እንችላለን።

አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብና በኪራዩ ዘመን እንደዚያው ማቆየት አለበት። ትልልቅ ጥገናዎች የእሱ ናቸው። ተከራይ ደግሞ ቤቱን እንደ ራሱ ንብረት ተጠንቅቆ መያዝ አለበት። በአጠቃቀም ምክንያት የሚመጡ ትንንሽ ጥገናዎች፣ ማለትም የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የቧንቧ መክፈቻና የውሃ መስመር ጥገናዎች፣ ወደ ተከራዩ ይሄዳሉ። ነገር ግን ዕቃው የተበላሸው በእርጅና ወይም ከሰው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ተከራዩ አይጠየቅም፤ ጥገናው ወደ አከራዩ ይመለሳል።

ይህን በደንብ ልብ በሉት። ብዙ አከራዮች «ቧንቧ የተከራይ ነው» ሲሉ፣ ብዙ ተከራዮች ደግሞ «ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ያሠሩት» ሲሉ እንሰማለን። ሁለቱም የሕጉን ግማሽ ነው የሚናገሩት። ዋናው ጥያቄ «ዕቃው ምንድን ነው?» ሳይሆን «ምን አበላሸው?» የሚለው ነው። ልጅ ተንጠልጥሎበት የተሰበረ ቧንቧና ሃያ ዓመት አገልግሎ የዛገ ቧንቧ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ሕግ አዲስ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ይህ የከተማ ቤት ኪራይን የሚመለከት አዋጅ ነው፤ ድሬዳዋ ከተማም ከሚመለከታቸው ናት። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ የሚጨመረውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚወስነው መሠረት እንጂ አከራይ በተናደደ ቁጥር አይደለም።

ይህ ከቧንቧ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አገናኘው። ያቺ ልጅ ሦስት ወር ዝም ያሰኛት «ይጨምሩብኛል፣ ያስወጡኛል» የሚል ፍርሃት ነበር። ውሏ የተጻፈና የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቷ በቀለለ ነበር። ለአከራይም ይጠቅማል። ተከራይ ሁለት ዓመት እንደምትቀመጥ የምታውቅ ባለቤት በየስድስት ወሩ ሰው ከሚቀያየርባት ባለቤት ይልቅ ቤቷን ለማሻሻል ድፍረት ታገኛለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

በጽሑፍ ይሁን ያልነው ድርሻ

ሕጉ አጠቃላይ መንገዱን ያሳያል። የየግቢውን ዝርዝር ግን ራሳችን መጻፍ አለብን። ኮሚቴያችን ከአከራይና ከተከራይ አባላት ጋር ተቀምጦ የተስማማበትን ድርሻ እናቅርብላችሁ። በውላችሁ ላይ በአንድ ገጽ ልታያይዙት ትችላላችሁ።

የአከራይ ድርሻ የምንለው በግድግዳና በመሬት ውስጥ ያለፈውን የውሃ መስመር፣ ዋናውን መዝጊያ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶና ክዳኑን፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ማስመጠጥና በእርጅና ያበቃለትን ቧንቧ መቀየር ነው።

የተከራይ ድርሻ የምንለው የቧንቧውን አፍ ማጽዳት፣ ያለቀች ትንሽ ጎሚኒ ማስቀየር፣ በራሷ ወይም በቤተሰቧ እጅ የተሰበረውን መተካት፣ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ጨርቅ፣ ፀጉር፣ የምግብ ትርፍራፊና የንጽሕና መጠበቂያ አለመጣል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብልሽት ስታይ ወዲያው መናገር የእሷ ድርሻ ነው። የሚያንጠባጥበውን የምታየው እዚያ የምታድረው ሰው ናት።

የሁለቱም ድርሻ የሆነም አለ። ተከራይ ስትገባና ስትወጣ አብረው በየክፍሉ ዞረው ቧንቧ ሁሉ ከፍተው፣ መጸዳጃውን ለቅቀው፣ ቆጣሪውን አንብበው ቁጥሩን ጽፈው ይፈርሙ። በስልክ ፎቶ ማንሳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያ ፎቶ ቢኖር ኖሮ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የሚለው ክርክር ባልተነሳ ነበር።

በድሬዳዋ ከተማ ለሚከራዩ ልጆቻችን አንድ ነገር እንጨምር። የድሬዳዋ ውሃ ሳቢያን አካባቢ ካሉትና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ የኖራ ዘር ይዞ ስለሚመጣ «ከባድ» ይባላል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ያው ቅርፊት የቧንቧን አፍና የሻወርን ቀዳዳ ይደፍናል፣ መዝጊያውንም እንዳይገጥም ያደርገዋል። እዚህ ላይ ክርክር እንዳይነሳ እንዲህ ብንለይ ጥሩ ነው። የሻወሩን ራስ ፈትቶ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ አሳድሮ ማጠብ የዕለት እንክብካቤ ስለሆነ የተከራይ ነው። ቅርፊቱ ውስጡን የበላውን መዝጊያ መቀየር ግን የአከራይ ነው፤ ቅርፊቱን ያመጣው ውሃው እንጂ የተከራይዋ እጅ አይደለም።

ብክነቱን በራሳችን እንለካ

ከመጨቃጨቅ በፊት መለካት ይቀድማል። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው መለኪያ አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነው። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር አስቀምጡትና እስኪሞላ ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሞላ በቀን 24 ሊትር፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ይሆናል። በጀሪካን ስንቆጥረው 36 ጀሪካን ነው። ጠዋት ከቦኖ 36 ጀሪካን ተሸክማችሁ መጥታችሁ ደጃፍ ላይ ስትደፉት አስቡት። ማናችንም አናደርገውም። ቧንቧው ግን ዝም ብሎ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መለኪያ ቆጣሪው ራሱ ነው። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ሮቶ ያለው ግቢ ግን ይጠንቀቅ፤ ሌሊት ሮቶው እየሞላ ከሆነም ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ሮቶው መሙላቱን አረጋግጡ።

ሦስተኛው የመጸዳጃ ቤት ውሃ ማጠራቀሚያን የሚመለከት ነው። የዚህ ብክነት ድምፅ ስለሌለው አይታወቅም። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ በማጠራቀሚያው ውስጥ አፍስሱና ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ፣ የውስጡ ጎማ አልዘጋም ማለት ነው። ጎማው ትንሽ ዕቃ ነው፤ የሚያባክነው ውሃ ግን ትንሽ አይደለም።

መፍሰሱ ከቆጣሪው በፊት፣ መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአከራይም የተከራይም ሳይሆን ውሃውን የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ነው። ያየ ሰው ሁሉ መጠቆም አለበት። በከተማው የሚመለከተው የድሬዳዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው።

አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት

የጠቡ ትልቁ ምንጭ ይህ ነው። በሀገራችን ከተሞች የውሃ ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሰላው፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለተጨማሪው ውሃ በሜትር ኩብ የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። የታሰበው ትንሽ የሚጠቀመውን ድሃ ለመጥቀም ነው። ግን አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚያውቀው 12 ሜትር ኩብ የተጠቀመ አንድ ደንበኛ ነው። ሦስት ቆጣቢ ቤቶች አንድ አባካኝ ሆነው ይቆጠራሉ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲጨመርበት ደግሞ ብክነቱ የሚከፈለው በከፍተኛው ዋጋ ነው።

ለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ አቅም ያላት ባለቤት በየክፍሉ መስመር ላይ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ብታስገጥም ክርክሩ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ይህ ካልተቻለ ሂሳቡን በክፍል ሳይሆን በሰው ቁጥር አካፍሉ፤ ብቻዋን የምትኖር መምህርትና ስድስት ሆነው የሚኖሩ ቤተሰብ እኩል መክፈላቸው ፍትሕ አይደለም። ልብስ አጥባ ወይም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ተከራይ ካለች ተጨማሪ ድርሻዋ አስቀድሞ ይነገር። ሦስተኛ፣ በሌሊት ንባብ የተገኘው ብክነት ለብቻው ይቆጠር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ፈስሶ ከሆነ ያንን ውሃ ከተከራዮቹ ማንም አልጠጣውም፤ ሂሳቡ የባለቤቷ ነው። ተከራይ አይታ ሳትናገር የቀረች እንደሆነ ግን ድርሻዋን ብትካፈል አይከፋም።

ማሻሻያውን ማን ይግዛ?

ጥገና የተበላሸውን መመለስ ነው። ማሻሻያ ደግሞ ያልተበላሸውንም ውሃ በሚቆጥብ መተካት ነው። ስለ ጥገና ሕጉም ልማዱም አንድ ነገር ይላሉ። ስለ ማሻሻያ ግን ሁሉም ዝም ስለሚል ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ባለቤቷ «ሂሳቡን የሚከፍሉት እነሱ፣ እኔ ለምን ልግዛ?» ትላለች። ተከራይዋ «ነገ ለምወጣበት ቤት ለምን ላውጣ?» ትላለች። ሁለቱም ከየራሳቸው አንጻር ትክክል ናቸው፤ ውሃው ግን ይፈሳል።

እኛ ቀላል መለያ አግኝተናል። ከቤቱ ጋር የሚታሰር ነገር የቤቱ ይሁን፤ ይዘውት የሚወጡት የተከራይዋ ይሁን። ንዑስ ቆጣሪ፣ ሁለት ዓይነት መልቀቂያ ያለው የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ፣ ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ፣ የጣሪያ አሸንዳ፣ እነዚህ ባለቤቷ የምትገዛቸው ናቸው። በርሜል፣ ባልዲ፣ በቧንቧ አፍ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ወንፊት፣ እነዚህን ተከራይዋ ገዝታ ስትወጣ ልትወስዳቸው ትችላለች።

ባለቤቷ ገንዘብ ከሌላት ግን ሌላ መንገድ አለ። ተከራይዋ ትግዛና ከኪራይ ትቀንስ። ለምሳሌ ያህል ዕቃውና የቧንቧ ሠራተኛው ዋጋ 1,200 ብር ቢሆን፣ በወር 200 ብር እየተቀነሰ በስድስት ወር ያልቃል። ባለቤቷ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ አታወጣም፤ ተከራይዋም ገንዘቧን ሳትጥል ውሃዋን ትቆጥባለች። ነገር ግን ሦስት ነገር ሳይጻፍ እንዳይጀመር፤ ምን እንደሚገዛ፣ በስንት ብር፣ ከስንት ወር ኪራይ እንደሚቀነስ። ሳይነጋገሩ ገዝቶ «ከኪራይ ቀንሼዋለሁ» ማለት ሌላ ጠብ መክፈት ነው።

ምንም የማያስወጣ ማሻሻያም አለ። የድሮው ዓይነት ትልቅ የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ ካላችሁ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋና ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከመዝጊያው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡበት። በተለቀቀ ቁጥር አንድ ሊትር ይተርፋል። በቀን 15 ጊዜ የሚለቀቅ ከሆነ በወር 450 ሊትር፣ ማለትም ከ22 ጀሪካን በላይ ነው። የልብስ ማለቅለቂያውንም ውሃ ለመጸዳጃ ማዋል ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው።

ዝናብም አለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1 ሊትር ውሃ ይወርዳል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 400 ሊትር ይሰጣል። ከሚረጨውና ከሚተነው የተረፈው ብቻ እንኳ ብዙ ጉዞ ያስቀራል። አካባቢያችን ዝናብ አጠር ስለሆነ የሚመጣችውን ጥቂት ዝናብ ለመያዝ አሸንዳው ቀድሞ መሰቀል አለበት። አሸንዳው የባለቤቷ፣ በርሜሉ የተከራይዋ።

የማይከደን በርሜል

ውሃ ማጠራቀም ግን ክዳን ይፈልጋል። ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ አይታለች። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጥሏል። መገጣጠሚያ ያሳበጠንን ያን በሽታ የረሳነው የለም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነድፍና በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የምትራባ ናት። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጀርባም ከውጭ የገባች አዲስ የወባ ትንኝ እንዳለችበት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እሷም እንደ ድሮዋ ረግረግ ብቻ አትፈልግም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል።

ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ ለማውጣት አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃታል። ስለዚህ በርሜል በየሳምንቱ ውስጡ ተፈትጎ ይታጠብ፣ ይከደን። ይህ የተከራይ ሥራ ነው። የተሰበረ የሮቶ ክዳን መተካትና ቧንቧ ሥር የሚቋተውን ውሃ መውረጃ ማበጀት የባለቤት ሥራ ነው። እዚህ ላይ «የማን ነው?» እያሉ ሳምንት መከራከር አይቻልም፤ ትንኟ የውሉን ፊርማ አትጠብቅም።

ስለ መጸዳጃም እንደዚሁ። መጸዳጃ ሲዘጋ ወንዱ አንድ ዘዴ ያገኛል። ለሴት ግን፣ በተለይ በወር አበባዋ ጊዜ፣ ወይም ለነፍሰ ጡርና ለታመመች፣ ሌሊት በጨለማ ሌላ ቦታ ፍለጋ መውጣት ክብርንም ደኅንነትንም የሚነካ ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ መዘጋት እንደ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲቆጠር በውሉ ላይ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

ስንነጋገር እንዴት እንነጋገር?

ብልሽት ሲታይ በመጀመሪያ በአፍ፣ በአክብሮት ይነገር። «እማማ፣ ቧንቧው ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ ግድግዳውን ሳይጎዳ ብናሠራው» ብላ የምትጀምር ልጅና «ቤትሽ ሁሉ የተበላሸ ነው» ብላ የምትጀምር አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። ባለቤቷም «እናንተ መጠቀም አታውቁም» ከማለት በፊት ገብታ ትየው። በአፍ የተነገረው ካልተሠራ ቀኑ የተጻፈበት የስልክ መልእክት ይላክ። ቱቦ ፈንድቶ ወይም መጸዳጃ ተዘግቶ ከሆነ በ24 ሰዓት፣ ተራ ማንጠባጠብ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ መፍትሔ እንዲያገኝ በውላችን ላይ ብንጽፍ መልካም ነው።

ሁለት ነገር ግን አይደረግ። ባለቤት ለመቅጣት ብላ ውሃ አትዝጋ፤ ያ ውሃ የሕፃንና የበሽተኛ ውሃ ነው። ተከራይም ሳትናገርና ሳትስማማ ኪራይ አትያዝ፤ ትክክለኛ ቅሬታዋ «ኪራይ አልከፈለችም» በሚል ክስ ይሸፈንባታል። አልስማማ ካለ የአካባቢያችን የሽምግልና ባህል አለ፤ አፎሻው አለ፣ ጃርሳ ቢያ አሉ፣ ቀበሌው አለ። የተጻፈ ወረቀትና የቆጣሪ ንባብ ይዞ የቀረበ ሰው ሽማግሌውንም አያስቸግርም።

ከማኅበራችን የሚጠበቀው

አንድ የሚከብድ ነገር ይቀራል። ሕጉ «እርጅና የአከራይ ነው» ይላል፤ እውነት ነው። ያች ሦስት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ እህታችን ግን ግዴታዋን ብታውቅም ቱቦውን የምታስቀይርበት ገንዘብ የላትም። እሷን ሕግ ጠቅሶ ማስጨነቅ ውሃውን አያቆመውም። ተከራይዋም ትክክል ሆና በውሃ እጦት ትሰቃያለች። ብዙ ጊዜ ጠቡ በክፉና በደግ መካከል አይደለም፤ ሁለቱም በቸገራቸው ሴቶች መካከል ነው።

ለዚህ ነው ኮሚቴያችን አነስተኛ የጥገና ተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረበው። ከወር ቁጠባችን ትንሽ ተቀንሶ ይጀመራል። ገንዘቡ ለአባል አከራይ ወይም ለአባል ተከራይ ለቧንቧ ጥገና ብቻ ይበደራል፤ ከኪራይ ገቢው ወይም ከኪራይ ቅናሹ በየወሩ ይመለሳል። ከእሱ ጋር አንድ የመሣሪያ ሣጥን እንፈልጋለን፤ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ቴፍሎን፣ ልዩ ልዩ ጎሚኒና ጥቂት መገጣጠሚያ። ጎሚኒ መቀየር ለማንኛዋም ሴት ልጅ በአንድ ከሰዓት የሚማሩት ሥራ ነው። ከልጆቻችን ሁለት ሦስቱ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ቆይተው ቢለምዱ ለሰፈሩ አገልግሎት፣ ለራሳቸውም እንጀራ ይሆናል።

ለምትደግፉን ወዳጆቻችን የምንለው አጭር ነው። አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚሠራውንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ተቆፍሮ፣ ተገፍቶ፣ ቤታችን ድረስ የመጣውን ውሃ በአንዲት ያለቀች ጎሚኒ ምክንያት ማጣት ያሳዝናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ተበድሮም የሚመለስ ነው። የተረፈውን ውሃ በጀሪካን ቆጥረን በየስብሰባው ልናሳያችሁ እንችላለን።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ነገር ብቻ እናድርግ። አከራዮች ዛሬ ማታ ተከራዮቻችሁን «የሚያንጠባጥብ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተከራዮች አንድ ሊትር ዕቃ ቧንቧው ሥር አስቀምጡ። ልጆች ከተማ ያላችሁ ደውላችሁ «ውልሽ ተጽፏል ወይ? ተመዝግቧል ወይ?» በሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ያገኛችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ የጥገናውን ገንዘብ የምንጀምረው ከዚያ ቁጥር ተነስተን ነው።